የኔትወርክ ስዊች የአስተዳደር መግቢያና የሞደም ግንኙነት

የኔትወርክ ስዊች የአስተዳደር መግቢያ ማለት አንድ ባለሙያ ወደ ስዊቹ ሶፍትዌር ገብቶ ቅንብሩን የሚያይበት፣ የሚለውጥበትና ብልሽት ሲያጋጥም መንስኤውን የሚመረምርበት መንገድ ነው። መግቢያው በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ስዊቹ ራሱ በሚያገለግለው ኔትወርክ ውስጥ የሚያልፍ ሲሆን በባለሙያዎች ዘንድ «ኢን-ባንድ» ይባላል። ሁለተኛው ከዚያ ኔትወርክ ተለይቶ በኮንሶል ኬብል፣ ከስልክ መስመር ጋር በተያያዘ ሞደም ወይም ለአስተዳደር ብቻ በተዘረጋ መስመር የሚደረግ ሲሆን «አውት-ኦፍ-ባንድ» ይባላል። የሁለተኛው ጥቅም ጎልቶ የሚታየው የመጀመሪያው ሲዘጋ ነው፤ በስዊቹ ውስጥ የሚያልፍ መንገድ ስዊቹ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋልና። ነገር ግን ይኸው መንገድ ፋየርዎሉን ሳይነካ በቀጥታ የሚያስገባ በር ስለሆነ በጥንቃቄ ካልተዘጋጀ ላልተፈቀደለት ሰውም ክፍት ይሆናል።

መሠረተ ሐሳብ

ስዊች በአንድ ሕንፃ ወይም ግቢ ያሉ ኮምፒውተሮችን፣ ፕሪንተሮችን፣ ካሜራዎችንና ሰርቨሮችን በኤተርኔት ኬብል የሚያገናኝ መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ በየትኛው መሰኪያ ላይ እንዳለ በማክ አድራሻው ይመዘግባል፤ የሚደርሰውንም ፍሬም ወደ ተገቢው መሰኪያ ያስተላልፋል። ይህን ለማድረግ ስዊቹ የራሱ የአይፒ አድራሻ አያስፈልገውም። ብዙ ስዊቾች ከካርቶን ወጥተው ኤሌክትሪክ እንደተሰካላቸው ያለ ምንም ቅንብር ማስተላለፍ ይጀምራሉ።

አድራሻ የሚያስፈልገው ስዊቹን ከሩቅ ለማስተዳደር ነው። በመሆኑም የስዊቹ ሥራ በሁለት ተለይቶ ይታያል፦ አንደኛው የተጠቃሚዎችን ዳታ ማስተላለፍ፣ ሌላው ከአስተዳዳሪው ጋር መነጋገር። አንድ ስዊች ዳታ በደንብ እያስተላለፈ አስተዳዳሪው ሊገባበት የማይችልበት ጊዜ አለ። ለምሳሌ የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ወይም የአስተዳደር አድራሻው ስህተት ከሆነ ተጠቃሚዎች ችግሩን ላያውቁት ይችላሉ፤ ቅንብር መለወጥ ግን አይቻልም።

በገበያ ላይ ምንም ቅንብር የማይቀበሉ ርካሽ ስዊቾችም አሉ። እነዚህ የአስተዳደር መግቢያ የላቸውም። ከዚህ በታች የተገለጸው የሚመለከተው የሚተዳደሩ ስዊቾችን ሲሆን ለምሳሌነት በስፋት የሚታወቀው የሲስኮ ካታሊስት ስዊች ተወስዷል። የሌሎች አምራቾች ስዊቾች በትዕዛዝ አጻጻፍ ይለያዩ እንጂ በመሠረተ ሐሳቡ ተመሳሳይ ናቸው።

ታሪካዊ አመጣጥ

የአስተዳደር መግቢያ ከስዊች በፊት የነበረ ነው። የኮንሶል መሰኪያ የሚጠቀምበት አር-ኤስ-232 የተባለው የሲሪያል ግንኙነት ደረጃ በአሜሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን ዓላማው ተርሚናሎችን ከሞደም ጋር ማገናኘት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ሄይዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ስማርትሞደም» የተሰኘውን ሞደም ለገበያ አቀረበ። ይህ ሞደም በሴኮንድ 300 ቢት የሚያስተላልፍ ሲሆን በ«ኤ» እና «ቲ» ፊደላት የሚጀምሩ የጽሑፍ ትዕዛዞችን ይቀበል ነበር። እነዚህ ትዕዛዞች በሌሎች አምራቾችም ተወርሰው ዛሬ በሞባይል ሞደሞች ውስጥ ሳይቀር ይገኛሉ።

ቴልኔት የተባለው የርቀት መግቢያ ፕሮቶኮል መነሻው የ1960ዎቹ መጨረሻ ሲሆን አሁን የሚታወቅበት ደረጃ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። የመሣሪያዎችን ሁኔታ ለመከታተል የሚያገለግለው ኤስኤንኤምፒ እ.ኤ.አ. በ1988 ተከተለ። የመጀመሪያውን የኤተርኔት ስዊች እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ያቀረበው ካልፓና የተባለው ኩባንያ ሲሆን ሲስኮ ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1994 ገዛው። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ በፊንላንድ የሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ታቱ ዩሎነን ኤስኤስኤችን ሠራ። ለሥራው ምክንያት የሆነው በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃላትን የሚጠልፍ ጥቃት መድረሱ ነበር።

የኮንሶል መሰኪያ

አዲስ ስዊች የአይፒ አድራሻም ሆነ የይለፍ ቃል ስለማይኖረው የመጀመሪያው ቅንብር ብዙውን ጊዜ የሚከናወነው በኮንሶል መሰኪያ ነው። መሰኪያው በብዙ ስዊቾች ላይ የኤተርኔት መሰኪያ ይመስላል፤ የሚያስተላልፈው ግን የኤተርኔት ሳይሆን የአር-ኤስ-232 ምልክት ነው። ስለዚህ ተራ የኔትወርክ ኬብል ከኮምፒውተር የኔትወርክ መሰኪያ ጋር ቢያገናኘው አይሠራም። የሚያስፈልገው «ሮልኦቨር» የሚባል ኬብል ነው፤ በዚህ ኬብል የአንዱ ጫፍ 1ኛ ሽቦ ከሌላው ጫፍ 8ኛ፣ 2ኛው ከ7ኛው እያለ እስከ መጨረሻው ተገልብጦ ይገናኛል። የዛሬ ላፕቶፖች የሲሪያል መሰኪያ ስለሌላቸው ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር አስማሚ ይጨመራል። አዳዲስ ስዊቾች ደግሞ በቀጥታ በዩኤስቢ የሚገናኝ ኮንሶል አላቸው።

በኮምፒውተሩ ላይ የተርሚናል ፕሮግራም ተከፍቶ የግንኙነቱ ልክ ከስዊቹ ጋር አንድ ይደረጋል። በሲስኮ ስዊቾች የተለመደው ልክ የሚከተለው ነው፦

• ፍጥነት፦ በሴኮንድ 9600 ቢት
• የዳታ ቢት፦ 8
• ፓሪቲ፦ የለም
• የማቆሚያ ቢት፦ 1
• የፍሰት መቆጣጠሪያ፦ የለም

ፍጥነቱ ካልተጣጣመ በመስኮቱ ላይ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ይታያሉ። ምንም ነገር ካልታየ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ወይም የተሳሳተ የሲሪያል ወደብ መመረጡ ነው።

የኮንሶል ትልቁ ጠቀሜታ ስዊቹ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ሁኔታ ጭምር ማሳየቱ ነው። ሶፍትዌሩ የተበላሸበት ስዊች በኔትወርክ በኩል ዝም ይላል፤ በኮንሶል ግን የት ላይ እንደቆመ ይናገራል።

በኔትወርክ በኩል የሚደረግ አስተዳደር

ስዊቹን ከጠረጴዛ ሳይነሱ ለማስተዳደር የአይፒ አድራሻ ይሰጠዋል። አድራሻው የሚሰጠው ለአንድ የኬብል መሰኪያ ሳይሆን ለአንድ ቪላን ነው። ቪላን አንድን ስዊች እንደ ተለያዩ ኔትወርኮች የሚከፋፍል ምናባዊ ክፍፍል ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ሁሉም መሰኪያ በቪላን 1 ውስጥ ስለሆነ የአስተዳደር አድራሻው እዚያው ከተተወ ማንኛውም የተሰካ ኮምፒውተር ወደ ስዊቹ በር መድረስ ይችላል። ይህን ለማስቀረት ለአስተዳደር ብቻ የተለየ ቪላን ይመደባል። ስዊቹን ከሌላ ኔትወርክ ላይ ሆኖ ለማግኘት ደግሞ የመውጫ አድራሻ፣ ማለትም ጌትዌይ፣ መጻፍ አለበት። ጌትዌይ የሌለው ስዊች ከቅርብ ሲጠሩት ይመልሳል፣ ከሩቅ ሲጠሩት ግን መልሱን በየት እንደሚልክ አያውቅም።

በኔትወርክ በኩል ለመግባት የሚያገለግሉት ዋና ዋና ፕሮቶኮሎች እነዚህ ናቸው፦

• ቴልኔት፦ በቲሲፒ ቁጥር 23 ይሠራል። የይለፍ ቃሉን ጨምሮ ሁሉንም ነገር ሳያመሰጥር ስለሚልክ በመሃል ያለ ጠላፊ በቀላሉ ያነበዋል።
• ኤስኤስኤች፦ በቲሲፒ ቁጥር 22 ይሠራል። ግንኙነቱን ያመሰጥራል፤ ስዊቹም የራሱን ቁልፍ ስለሚያቀርብ አስተዳዳሪው የገባው ወደ ትክክለኛው መሣሪያ መሆኑን ማረጋገጥ ይችላል።
• ኤችቲቲፒኤስ፦ በድረ ገጽ መልክ ለሚቀርብ የአስተዳደር ገጽ ያገለግላል።
• ኤስኤንኤምፒ፦ በዩዲፒ ቁጥር 161 ይጠየቃል፤ ስዊቱ በራሱ ተነሳሽነት የሚልካቸው ማስጠንቀቂያዎች ደግሞ ወደ ቁጥር 162 ይሄዳሉ። ምስጠራ ያለው በ3ኛው ስሪት ብቻ ነው።

አንዳንድ ትልልቅ ስዊቾች ከእነዚህ በተጨማሪ ለአስተዳደር ብቻ የተለየ የኤተርኔት መሰኪያ አላቸው። ይህ መሰኪያ ከተጠቃሚዎች ዳታ ጋር ስለማይቀላቀል ራሱን በቻለ ሌላ ስዊች ላይ ሲሰካ ከዋናው ኔትወርክ የተለየ መንገድ ይሆናል።

የቅንብር ቅደም ተከተል

በሲስኮ ካታሊስት ላይ የአስተዳደር መግቢያ የሚዘጋጀው በትዕዛዝ መስመር ነው። ትዕዛዞቹ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው፤ ከዚህ በታች የተቀመጠው አነባበባቸው ነው።

1. በ«ኢኔብል» ወደ ሙሉ ሥልጣን፣ ቀጥሎም በ«ኮንፊገር ተርሚናል» ወደ ቅንብር ክፍል ይገባል።
2. በ«ሆስትኔም» ለስዊቹ ስም ይሰጠዋል፤ በ«ኢኔብል ሲክሬት» ደግሞ የሙሉ ሥልጣን የይለፍ ቃል ይቀመጣል። «ኢኔብል ፓስወርድ» የተባለው የቀድሞ ትዕዛዝ ቃሉን በግልጽ ወይም በቀላሉ በሚፈታ መልክ ስለሚያስቀምጥ አይመከርም።
3. በ«ዩዘርኔም» ቢያንስ አንድ የተጠቃሚ ስም ከነይለፍ ቃሉ ይፈጠራል።
4. በ«ኢንተርፌስ ቪላን» የአስተዳደሩ ቪላን ተመርጦ በ«አይፒ አድረስ» አድራሻው ይጻፋል፤ ለምሳሌ 192.168.99.2 ከ255.255.255.0 ጋር። ከዚያ በ«ኖ ሻትዳውን» ይከፈታል።
5. በ«አይፒ ዲፎልት-ጌትዌይ» የመውጫው አድራሻ ይጻፋል፤ ለምሳሌ 192.168.99.1።
6. በ«አይፒ ዶሜይን-ኔም» የዶሜይን ስም ተሰጥቶ በ«ክሪፕቶ ኪይ ጀነሬት አርኤስኤ» የኤስኤስኤች ቁልፍ ይፈጠራል። የቁልፉ ርዝመት 2048 ቢት ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል።
7. በ«ላይን ቪቲዋይ 0 15» 16ቱም የርቀት መግቢያዎች ተመርጠው «ሎግኢን ሎካል» እና «ትራንስፖርት ኢንፑት ኤስኤስኤች» ይጻፋሉ። ሁለተኛው ትዕዛዝ ቴልኔትን ይዘጋል።
8. በ«ላይን ኮንሶል 0» ላይም «ሎግኢን ሎካል» እና «ኤክሴክ-ታይምአውት» ይጻፋሉ።
9. በ«ኮፒ ራኒንግ-ኮንፊግ ስታርታፕ-ኮንፊግ» ሥራው ይቀመጣል።

ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው። ተጠቃሚ ሳይፈጠር «ሎግኢን ሎካል» ከተጻፈ ስዊቹ ስም ይጠይቃል፣ የሚቀበለው ስም ግን የለም፤ አስተዳዳሪው ራሱን በውጭ ይቆልፋል። የመጨረሻው ትዕዛዝ ከተረሳ ደግሞ ቅንብሩ ያለው በጊዜያዊው ማህደረ ትውስታ ብቻ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ይኸው የጊዜያዊው ማህደረ ትውስታ ባሕርይ ለጥንቃቄም ያገለግላል። ከሩቅ ሆኖ አደገኛ ለውጥ የሚያደርግ ባለሙያ አስቀድሞ «ሪሎድ ኢን 10» ብሎ ስዊቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን እንዲያስነሳ ያዛል። ለውጡ መግቢያውን ከዘጋበት ስዊቹ ተነሥቶ ወደ ተቀመጠው የቀድሞ ቅንብር ይመለሳል። ለውጡ ከሠራ ግን «ሪሎድ ካንስል» ብሎ ትዕዛዙን ይሰርዛል፤ ከዚያም ቅንብሩን ያስቀምጣል።

የሞደም ግንኙነት

በሩቅ ቅርንጫፍ ያለ ስዊች ከኔትወርክ ሲወጣ ባለሙያ በመኪና መላክ ሰዓታትን ይወስዳል። የስልክ መስመርና ሞደም በኮንሶሉ ላይ ከተሰካ ግን ባለሙያው ደውሎ በኮንሶሉ ፊት የቆመ ያህል መሥራት ይችላል። የኮንሶል ሥራ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ከፍተኛ ፍጥነት አያስፈልገውም።

ኬብል

በአር-ኤስ-232 መሣሪያዎች ሁለት ወገን ናቸው፦ የተርሚናል ወገንና የሞደም ወገን። አንዱ በሚልክበት ሽቦ ሌላው ይቀበላል። የሲስኮ ኮንሶል የተሠራው ልክ እንደ ኮምፒውተር በተርሚናል ወገን ነው። ስለዚህ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ የመላኪያና የመቀበያ ሽቦዎች መሻገር አለባቸው፤ ከሞደም ጋር ሲገናኝ ግን አይሻገሩም። በተግባር በሁለቱም ጊዜ ያው ሮልኦቨር ኬብል ይሰካና ልዩነቱ በጫፉ ባለው አስማሚ ይፈታል። ለሞደም የሚሆነው ባለ 25 እግር አስማሚ ሲሆን «ሞደም» የሚል ጽሑፍ አለበት። «ተርሚናል» የሚለው በስህተት ከተሰካ ሁለቱ መሣሪያዎች አይሰማሙም።

የሞደሙ ቅንብር

ስዊቹ በኮንሶሉ በኩል ሞደሙን ማዘዝ ስለማይችል ሞደሙ አስቀድሞ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ይዘጋጃል፣ ቅንብሩም በውስጡ ይቀመጣል። የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦

• ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስ፤
• ከኮንሶሉ ጋር የሚነጋገርበትን ፍጥነት በ9600 መቆለፍ፤
• የፍሰት መቆጣጠሪያን፣ የስህተት ማረሚያንና የዳታ መጭመቂያን ማጥፋት፤
• ስልኩ አንድ ጊዜ ሲጠራ ራሱ እንዲያነሳ «ኤስ 0» የተባለውን መዝገብ 1 ማድረግ፤
• ማስተጋባትን ማጥፋት፤
• «ኮኔክት» ወይም «ኖ ካሪየር» የሚሉትን የውጤት መልእክቶች ማጥፋት፤
• ሁሉንም በሞደሙ ማህደረ ትውስታ ማስቀመጥ።

ማስተጋባትና የውጤት መልእክት መጥፋታቸው ቀላል ነገር ቢመስልም ብዙ ግንኙነት የሚሰናከለው በእነሱ ነው። ስዊቹ የተጠቃሚ ስም የሚጠይቅ ጽሑፍ ሲልክ የሚያስተጋባ ሞደም ያንኑ ጽሑፍ ይመልስለታል፤ ስዊቹም የተጠቃሚ ስም የተተየበ መስሎት ስህተት ነው ይላል፤ ሞደሙ ያንንም ይመልሳል። ሁለቱ መሣሪያዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ደዋዩ መግባት ይሳነዋል። የውጤት መልእክቱ ማጥፊያ በመጨረሻ የሚሰጥበትም ምክንያት አለ፦ ከጠፋ በኋላ ሞደሙ ትዕዛዝ መቀበሉን አያረጋግጥም።

የተቋረጠ ጥሪ አደጋ

የሞደም ምልክቶች በኮንሶል መሰኪያ ላይ የተሟሉ አይደሉም። በራውተሮች ላይ ለሞደም ተብሎ የሚሠራው «ኦክዝ» የተባለው መሰኪያ ጥሪው ሲቋረጥ ያውቃል፣ የገባውንም ሰው ያስወጣል። የሲስኮ ኮንሶል ግን ይህን ምልክት አይከታተልም። ባለሙያው በሙሉ ሥልጣን ገብቶ ሳይወጣ ስልኩን ከዘጋ ወይም መስመሩ ከተቋረጠ ክፍለ ጊዜው ክፍት ሆኖ ይቆያል። ቀጥሎ የሚደውል ማንኛውም ሰው የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ በቀድሞው ሰው ሥልጣን ይገባል። ብዙ ካታሊስት ስዊቾች «ኦክዝ» ስለሌላቸው መፍትሔው «ኤክሴክ-ታይምአውት»ን አሳጥሮ፣ ለምሳሌ 5 ደቂቃ አድርጎ፣ ሥራ የቆመበትን ክፍለ ጊዜ እንዲዘጋ ማድረግ ነው። ይህን ገደብ ዜሮ ማድረግ ክፍለ ጊዜው ፈጽሞ እንዳይዘጋ ማዘዝ ስለሆነ ሞደም ባለበት ኮንሶል ላይ አይደረግም።

የሞደም ዘመናዊ ምትክ

ብዙ መሣሪያ ባለበት ክፍል ለእያንዳንዱ ስዊች አንድ ሞደም ማቆም ወጪ ነው። ስለዚህ የኮንሶል ሰርቨር የተባለ መሣሪያ ይቀመጣል። ከየስዊቹ የሚመጡ የኮንሶል ኬብሎች በዚህ ሰርቨር ላይ ይሰካሉ፤ ባለሙያው ወደ ሰርቨሩ ከገባ በኋላ የሚፈልገውን ስዊች ይመርጣል። ሰርቨሩ ማን መቼ እንደገባ መዝግቦ ይይዛል፣ ግንኙነቱንም ያመሰጥራል።

የስልክ ሞደሙንም በብዙ ቦታ በሲም ካርድ የሚሠራ የሞባይል ሞደም ተክቶታል። ይሁንና የሞባይል ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ ለሲም ካርዱ ከኢንተርኔት በቀጥታ የማይደረስ የግል አድራሻ ስለሚሰጡ ወደ ሞደሙ መደወል እንደ ድሮው አይቻልም። ለዚህም የቅርንጫፉ መሣሪያ ራሱ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የተመሰጠረ ቪፒኤን ይከፍታል፣ ባለሙያውም በዚያ በኩል ይገባል።

የተለየው መንገድ በእርግጥ የተለየ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የሞባይል ሞደሙና ዋናው መስመር የአንድ ኩባንያ ከሆኑ፣ ወይም ሁለቱም ከአንድ የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠሩ ከሆኑ፣ አንድ ብልሽት ሁለቱንም ሊወስዳቸው ይችላል።

ደህንነት

የአስተዳደር መግቢያን የያዘ ሰው ኔትወርኩን ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታየው ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ በቴልኔት የተከፈቱ ካሜራዎችንና ራውተሮችን እየፈለገ፣ ከፋብሪካ የመጡበትን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል እየሞከረ ይገባባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ደግሞ ሲስኮ ከ300 በላይ የስዊች ሞዴሎቹን የሚመለከት ክፍተት መኖሩን አስታወቀ። ክፍተቱ በቴልኔት በኩል ያለ ይለፍ ቃል ስዊቹን ለመቆጣጠር የሚያስችል ነበር፤ ማስተካከያው እስኪወጣ ኩባንያው ቴልኔትን ዘግቶ በኤስኤስኤች መጠቀምን መከረ።

የስልክ ቁጥርን ሚስጥር አድርጎ መያዝ ሞደምን አይጠብቅም። ተከታታይ ቁጥሮችን እየደወለ ሞደም የሚያነሳውን የሚመዘግብ ፕሮግራም ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው «ዋርጌምስ» የተሰኘ ፊልምም ይህንኑ ያሳያል። የተለመዱት መከላከያዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• በርቀት መግቢያዎቹ ላይ በ«አክሰስ-ክላስ» የተፈቀዱ አድራሻዎችን ብቻ ማስገባት፤
• ለየአንዳንዱ ባለሙያ የራሱን የተጠቃሚ ስም መስጠት፣ ከሥራ ሲለቅም መሰረዝ፤
• ሞደሙ ደዋዩን ዘግቶ ወደ ተመዘገበ ቁጥር መልሶ እንዲደውል ማድረግ፤
• በማይፈለግበት ጊዜ ሞደሙን ከኤሌክትሪክ መንቀል፤
• የስዊቹን ካቢኔ መቆለፍ፤ ስዊቹ አጠገብ የቆመ ሰው የይለፍ ቃልን ማለፍ የሚያስችለው መንገድ አለና።

የፌስቡክ መቋረጥ

የተለየ የአስተዳደር መንገድ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በሰፊው የታየው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ነው። በዚያ ቀን ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለ6 ሰዓት ያህል ተቋረጡ። ኩባንያው በኋላ እንደገለጸው፣ በመደበኛ ጥገና ጊዜ የተሰጠ አንድ ትዕዛዝ የዳታ ማዕከላቱን የሚያገናኘውን ኔትወርክ በሙሉ አቋረጠ። እንዲህ ዓይነቱን ትዕዛዝ ሊያግድ ይገባው የነበረው መቆጣጠሪያም ጉድለት ስለነበረበት አላገደውም።

ባለሙያዎቹ ስህተቱን ከሩቅ እንዳያርሙ ዋናው መንገድ ተዘግቷል፤ ለዚሁ ቀን የተዘጋጀው አውት-ኦፍ-ባንድ ኔትወርክም አልሠራም። ስለዚህ ሰዎች በአካል ወደ ዳታ ማዕከላቱ ተላኩ። ማዕከላቱና በውስጣቸው ያሉት መሣሪያዎች ሰው በቀላሉ እንዳይገባባቸው ሆነው የተሠሩ በመሆናቸው ሥራውን ለመጀመር ተጨማሪ ጊዜ ወሰደ።

በመሆኑም የአስተዳደር መግቢያ ቅንብር ሲያልቅ የሚደረገው የመጨረሻ ሥራ ፍተሻ ነው፦ የዋናው መስመር ኬብል ይነቀልና በሞደሙ ወይም በኮንሶል ሰርቨሩ በኩል መግባት ይሞከራል። ይህ ፍተሻ በየተወሰነ ጊዜ ይደጋገማል፤ የስልክ መስመር ሳይታወቅ ሊዘጋ፣ የሲም ካርድ አገልግሎት ሊያልቅ፣ የይለፍ ቃልም ሊለወጥ ይችላልና።